የውይይት መድረክ ወይስ ያልተማከለ የአጫጭር መልእክት መረብ?

ሰዎች ተገናኝተው የሚነጋገሩበት ቦታ የሚነጋገሩትን ነገር ይወስነዋል። በችሎት የሚነገረው በሠርግ ቤት አይነገርም፤ በዕድር ስብሰባ የተወሰነው ነገር ቃለ ጉባኤ ይያዝለታል፤ በመንገድ ላይ የተወራው ግን ሰሚው ቤቱ እስኪገባ እንኳ ላይቆይ ይችላል። ይህ እውነት በኮምፒዩተርና በእጅ ስልክ አማካይነት ለሚደረገው ንግግርም ይሠራል። ልዩነቱ፣ በኮምፒዩተር መረብ ላይ የመነጋገሪያውን ቦታ ቅርጽ የሚወስነው ባህል ብቻ ሳይሆን የመሣሪያው አሠራር ጭምር መሆኑ ነው።

ዛሬ ብዙ ተማሪዎች የትምህርት ጥያቄያቸውን የሚለዋወጡት በቴሌግራም ቡድኖችና በፌስቡክ ገጾች ነው። ከእነዚህ ወጥተው የራሳቸውን መነጋገሪያ ለማቋቋም ለሚፈልጉ ሁለት አማራጮች ሲጠቀሱ ይሰማል። አንደኛው የማኅበረሰብ የውይይት መድረክ ሲሆን፣ አንድ ሰው ርዕስ ከፍቶ ሌሎች ከሥሩ መልስ የሚጽፉበት ነው። ሁለተኛው እንደ ማስቶዶን ያለ ያልተማከለ የአጫጭር መልእክት መረብ ነው። በዚህ መረብ ላይ እያንዳንዱ ሰው በስሙ አጭር መልእክት ይለጥፋል፤ ሌላው ይከተለዋል፤ መረቡን ግን አንድ ኩባንያ አይዘውም። የትኛውን መምረጥ ይገባል? በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን ከመረቦች ሳይንስ አንጻር እንመረምራለን።

ጉዳዩ የቅንጦት አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ተማሪዎች በወሰዱት የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶው ብቻ ነበሩ። ለዚህ የሚሰጠው ምክንያት ብዙ ነው። ሆኖም መጻሕፍትና መምህራን በሚያንሱበት አካባቢ ተማሪ ለተማሪ የሚሰጠው ማብራሪያ ቀላል ግምት የሚሰጠው አይደለም። ደቡብ ጎንደር ውስጥ የታች ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በአርብ ገበያ የሚማር አንድ ወጣት እንውሰድ። ይህ ተማሪ «ጋሪው ፈረሱን በእኩል ኃይል ወደ ኋላ ከሳበው ጋሪው እንዴት ይንቀሳቀሳል?» ብሎ ቢጠይቅና ጥሩ መልስ ቢያገኝ፣ መልሱ ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ይቆያል ወይስ በሳምንቱ ይጠፋል? የኢንተርኔት መስመር በተቋረጠ ጊዜስ ውይይቱ ይቀጥላል ወይስ አብሮ ይቆማል? የምርጫው ክብደት ያለው በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ላይ ነው።

ገበያ እንደ መረብ

መረብ ማለት በነጥቦችና ነጥቦቹን በሚያያይዙ መስመሮች የሚገለጽ ማንኛውም ነገር ነው። ነጥቦቹ ሰዎች፣ ከተሞች ወይም ኮምፒዩተሮች ሊሆኑ ይችላሉ። መስመሮቹም መንገዶች፣ ሽቦዎች ወይም ትውውቆች ናቸው።

መቶ ሰዎች እርስ በርሳቸው ወሬ ሊለዋወጡ ፈለጉ እንበል። እያንዳንዱ ሰው ወደ እያንዳንዱ ሰው ቤት የሚሄድ ከሆነ 100 በ99 ተባዝቶ ለሁለት ሲካፈል የሚገኘው 4,950 የተለያየ መንገድ ያስፈልጋል። ሰዎቹ 1,000 ቢሆኑ መንገዶቹ 499,500 ይደርሳሉ። የሰዎቹ ቁጥር አሥር እጥፍ ሲያድግ የመንገዶቹ ቁጥር መቶ እጥፍ ያህል ያድጋል ማለት ነው። ማንም ኅብረተሰብ ይህን ሊሸከመው አይችልም።

አባቶቻችን ለዚህ ችግር ያገኙት መፍትሔ ገበያ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ሁሉም ወደ አንድ ሜዳ ይወጣል። እህሉን የሚሸጠው፣ ጨው የሚገዛው፣ የታመመ ዘመዱን ወሬ የሚጠይቀው በዚያው ይገናኛል። መቶ ሰዎች መቶ መንገድ ብቻ ይበቃቸዋል። ይህ ቅርጽ በመረቦች ሳይንስ የኮከብ ቅርጽ ይባላል፤ መካከል ላይ አንድ ነጥብ አለ፣ ሌሎቹ በሙሉ ወደ እርሱ ይዘረጋሉ። አርብ ገበያ ስሟ ራሱ የዚህ አሠራር ምስክር ነው። በዚያው በደቡብ ጎንደር ሐሙሲት፣ ወደ ሰሜን ደግሞ ማክሰኝት ስማቸውን ከቀን ስም የወሰዱ ከተሞች ናቸው።

የኮከብ ቅርጽ ጥቅሙም ጉዳቱም ከአንድ ምንጭ ይቀዳል። ሁሉ ነገር በመካከለኛው ነጥብ ስለሚያልፍ ወጪው አነስተኛ ነው። ያው ነጥብ በተዘጋ ጊዜ ግን ሁሉም ይቋረጣል። ወንዝ ሞልቶ ወይም ጸጥታ ታውኮ ገበያው ያልቆመ እንደሆነ የዚያ ሳምንት ልውውጥ ይቀራል። የገበያውን በር የያዘም ማን እንደሚገባና ማን እንደሚወጣ የመወሰን ሥልጣን አለው። ፌስቡክና ቴሌግራም በዚህ ረገድ እጅግ ትልቅ የሆኑ ገበያዎች ናቸው፤ የሜዳው ባለቤት በየፊናው አንድ ኩባንያ ነው።

ይሁንና ገበያዎች ብቻቸውን አይቆሙም። ነጋዴው አርብ እዚህ፣ በሌላው ቀን ደግሞ ጎረቤት ወረዳ ይውላል። ከዕቃው ጋር የእህል ዋጋን፣ የዝናብን፣ የሞትንና የልደትን ወሬ ከአንዱ ገበያ ወደ ሌላው ያደርሳል። እያንዳንዱ ገበያ የራሱ ቀን፣ የራሱ ዳኛ፣ የራሱ ደንበኛ አለው፤ ሆኖም ሁሉም በነጋዴዎቹ አማካይነት የተያያዙ ናቸው። አንዱ ገበያ ቢታጠፍ ሌሎቹ ይቀጥላሉ። ያልተማከለ የመልእክት መረብ ሲባል መታሰብ ያለበት ይህ ዓይነቱ አያያዝ ነው። ማስቶዶን አንድ ድረ ገጽ አይደለም። በልዩ ልዩ ሰዎችና ተቋማት የሚተዳደሩ፣ በፌዴሬሽን የተያያዙ ብዙ ሺህ አገልጋይ ኮምፒዩተሮች የሚሠሩበት ፕሮግራም ነው።

ከዚህም የራቀ ያልተማከለ ምሳሌ በአገራችን አለ፤ ይኸውም የአፋር ሕዝብ ዳጉ ነው። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ተቀምጠው ያዩትንና የሰሙትን በዝርዝር ይለዋወጣሉ፤ ከዚያም እያንዳንዱ የሰማውን ይዞ ወደሚቀጥለው ሰው ይሄዳል። በዳጉ መካከለኛ ነጥብ የለም። ሥርዓቱን የሚጠብቀው ነጋሪው በዓይኑ ያየውን ከሰው ከሰማው ለይቶ የመናገር ግዴታ ያለበት መሆኑ ነው። ያልተማከለ መረብ ያለ ሥርዓት የሚኖር አይደለም፤ ሥርዓቱ በአንድ አለቃ እጅ ሳይሆን በእያንዳንዱ ተሳታፊ ጠባይ ውስጥ ያድራል።

ተቀላቅለው የሚጠየቁ ሁለት ጥያቄዎች

«የውይይት መድረክ ወይስ ያልተማከለ መረብ?» የሚለው አባባል አንድ ጥያቄ ይመስላል። በጥሞና ሲታይ ግን ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች በአንድነት የታሰሩበት ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ንግግሩ በምን ዙሪያ ይሰበሰባል? የሚል ነው። በርዕስ ዙሪያ ወይስ በሰው ዙሪያ? በውይይት መድረክ ላይ መልእክቱ የሚቀመጠው በጉዳዩ ሥር ነው። ስለ ኒውተን ሦስተኛ ሕግ የተጠየቀው ከሁለት ዓመት በኋላም በዚያው ርዕስ ሥር ይገኛል። በአጫጭር መልእክት መረብ ላይ ግን መልእክቱ የሚቀመጠው በጸሐፊው ስም ሥር፣ በጊዜ ቅደም ተከተል ነው። አዲሱ አሮጌውን ወደ ታች ይገፋዋል። የመጀመሪያው መዝገብ ቤት ነው፤ ሁለተኛው የሚፈስ ወንዝ ነው። አንዱ ለማስታወስ፣ ሌላው ለማሳወቅ ይመቻል።

ሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ ንግግሩ የተቀመጠበት አገልጋይ ኮምፒዩተር የማን ነው? የሚል ነው። የአንድ ባለቤት ወይስ የብዙዎች?

ሁለቱ ጥያቄዎች አንዱ ከሌላው ነጻ በመሆናቸው አራት ዓይነት መነጋገሪያዎች ይገኛሉ።

አንደኛ፣ በርዕስ የተከፋፈለና በአንድ ባለቤት እጅ ያለ። እ.ኤ.አ. በ2000 የተጀመረው ፒ.ኤች.ፒ.ቢ.ቢ. እና በ2013 ብቅ ያለው ዲስኮርስ የተባሉት ነጻ ፕሮግራሞች በአንድ ተቋም ኮምፒዩተር ላይ ሲተከሉ የዚህ ምሳሌ ናቸው።

ሁለተኛ፣ በሰው ዙሪያ የሚሰበሰብና በአንድ ባለቤት እጅ ያለ። እ.ኤ.አ. በ2004 የተመሠረተው ፌስቡክና በ2006 ሥራ የጀመረው፣ ከ2023 ወዲህ ደግሞ ኤክስ የተባለው ትዊተር እዚህ ይመደባሉ።

ሦስተኛ፣ በሰው ዙሪያ የሚሰበሰብና በብዙ ባለቤቶች እጅ ያለ። እ.ኤ.አ. በ2016 በጀርመን አገር በኦይገን ሮችኮ የተጀመረው ማስቶዶን ዋናው ምሳሌ ነው። በጥቅምት ወር 2022 ትዊተር ባለቤት ሲለውጥ ብዙ ሰው ወደ ማስቶዶን ጎርፎ ንቁ ተጠቃሚዎቹ ከ2 ሚሊዮን በላይ ደርሰው ነበር፤ ከወራት በኋላ ግን ቁጥሩ ቀንሷል።

አራተኛ፣ በርዕስ የተከፋፈለና በብዙ ባለቤቶች እጅ ያለ። ይህ አዲስ ነገር የሚመስላቸው አሉ፤ ነገር ግን ከሁሉም የቆየው እርሱ ነው። ዩዝኔት የተባለው መረብ እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ በዱክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ታስቦ በ1980 ሥራ ጀመረ። አንድ ዩኒቨርሲቲ የተለጠፈለትን መልእክት ለጎረቤቱ ያስተላልፋል፤ ያም ለሌላው ያስተላልፋል። መልእክቶቹ በርዕስ የተከፋፈሉ ሲሆኑ የመረቡ ባለቤት የሆነ ማንም አልነበረም። በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ስለ አገራቸው የሚነጋገሩበት ቡድን በዚያ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 የተጀመረው ሌሚ የዚሁ አስተሳሰብ የዘመናችን ወራሽ ነው።

እንግዲህ መድረክና ያልተማከለ መረብ ተቃራኒዎች አይደሉም። «ርዕስ ወይስ ሰው» የሚለው ምርጫ ስለ ትውስታ ነው፤ «አንድ ወይስ ብዙ» የሚለው ምርጫ ደግሞ ስለ ሥልጣንና ስለ ጽናት ነው። ሁለቱን ለያይቶ ሳይጠይቅ የሚመርስ ሰው የማይፈልገውን አብሮ ይገዛል።

የጋራ መስፈሪያ

የተለያዩ ገበያዎች እንዲያያዙ አንድ ነገር የግድ ያስፈልጋል፤ እርሱም የጋራ መስፈሪያ ነው። የአንዱ ገበያ ቁና ከሌላው የሚበልጥ ከሆነ ነጋዴው ዋጋ ማነጻጸር አይችልም። በኮምፒዩተር መረብ ይህን ሥራ የሚሠራው ፕሮቶኮል የተባለው የስምምነት ደንብ ነው።

የዚህን አስፈላጊነት እኛ ኢትዮጵያውያን ከሌላው ይልቅ በቅርብ እናውቀዋለን። የግዕዝ ፊደል ወደ ኮምፒዩተር ሲገባ እያንዳንዱ የጽሕፈት ፕሮግራም ለፊደላቱ የራሱን የቁጥር መለያ ይሰጥ ነበር። በመሆኑም በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር። በዩዝኔትና በኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ የሚጻጻፉ ኢትዮጵያውያን አማርኛን በላቲን ፊደል ለመጻፍ «ሴራ» በሚል ምሕጻረ ቃል የታወቀ ሥርዓት እስከመዘርጋት ደርሰዋል። ችግሩ መሠረታዊ መፍትሔ ያገኘው የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ውስጥ በመካተቱ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ «ሀ» በማንኛውም መሣሪያ ላይ አንድ ቁጥር አለው። መስፈሪያው አንድ ሲሆን ገበያዎቹ ተያያዙ።

ላልተማከሉ ማኅበራዊ መረቦችም ተመሳሳይ ስምምነት ተደርጓል። አክቲቪቲፐብ የተባለው ደንብ በዓለም አቀፉ የድር ጥምረት የጸደቀው በጥር ወር 2018 እ.ኤ.አ. ነው። ደንቡ አንድ መልእክት ከአንድ አገልጋይ ወደ ሌላው በምን ዓይነት ቅርጽ እንደሚሄድ ይወስናል። አሠራሩ ከኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ የተለየ አይደለም። በያሁ የተመዘገበ ሰው በጂሜይል ለተመዘገበ ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ ሁለቱ ኩባንያዎች አንድ መሆን አያስፈልጋቸውም፤ ደንቡን ማክበራቸው ይበቃል።

መረብ የሚበጠሰው መቼ ነው?

አሁን ወደ ጽናት ጥያቄ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1964 በአሜሪካ ራንድ በተባለው የምርምር ተቋም ይሠራ የነበረው ፖል ባራን መረቦችን በሦስት ከፈላቸው፤ እነዚህም የተማከለ፣ ያልተማከለና የተሠራጨ ናቸው። ጥያቄው ከነጥቦቹ ብዙዎቹ ቢጠፉ የቀሩት አሁንም እርስ በርስ መነጋገር ይችላሉ ወይ? የሚል ነበር። ያገኘው መልስ አስገራሚ ነው። እያንዳንዱ ነጥብ ከሁሉም ጋር መያያዝ አያስፈልገውም። ለመያያዝ ከሚያስፈልገው ዝቅተኛ የመስመር ብዛት ሦስት ወይም አራት እጥፍ ያህል መስመሮች ካሉ መረቡ እጅግ ጽኑ ይሆናል።

ምክንያቱን በቀላል ስሌት መረዳት ይቻላል። ኤርዶሽና ሬኒ የተባሉ ሁለት የሃንጋሪ የሒሳብ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ ባሳተሟቸው ጽሑፎች በዕጣ የተያያዙ ነጥቦችን አጥንተዋል። እያንዳንዱ ነጥብ በአማካይ ከአንድ ያነሰ መስመር ካለው መረቡ ትንንሽ ቁርጥራጭ ሆኖ ይቀራል። አማካዩ ከአንድ ሲያልፍ ግን በድንገት አንድ ትልቅ የተያያዘ ክፍል ይወለዳል። አማካዩ 2 ሲሆን ከነጥቦቹ 80 በመቶ ያህሉ በዚህ ክፍል ውስጥ ይገኛሉ፤ 3 ሲሆን 94 በመቶ፣ 4 ሲሆን 98 በመቶ ይሆናሉ። ውኃ በ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድንገት እንደሚረጋ ሁሉ መረብም የራሱ የመለወጫ ነጥብ አለው።

ከዚህ የሚከተለውን እንመልከት። በአማካይ 4 መስመር ካላቸው ነጥቦች ግማሹ መስመሮች በዕጣ ቢበጠሱ አማካዩ ወደ 2 ይወርዳል፤ ያም ሆኖ 80 በመቶው አሁንም ይነጋገራል። በኮከብ ቅርጽ ባለ መረብ ግን መካከለኛው አንድ ነጥብ ቢጠፋ የሚነጋገር ማንም አይኖርም።

ሆኖም ማስጠንቀቂያ አለው። ሰዎች አገልጋይ የሚመርጡት በዕጣ አይደለም፤ ብዙ ሰው ወዳለበት ይሄዳሉ። ባራባሺና አልበርት እ.ኤ.አ. በ1999 እንዳሳዩት በዚህ ዓይነት የሚያድግ መረብ ጥቂት እጅግ ትላልቅ ነጥቦችና ብዙ ትንንሽ ነጥቦች ይኖሩታል። በ2000 ከጄኦንግ ጋር ሆነው እንዳሳተሙትም እንዲህ ያለው መረብ በዕጣ ለሚደርስ ብልሽት የማይበገር ሲሆን፣ ትላልቆቹ ነጥቦች ተመርጠው ሲመቱ ግን በቀላሉ ይፈርሳል። ያልተማከለ የተባለ መረብም ተጠቃሚዎቹ በሙሉ በአንድ ትልቅ አገልጋይ ላይ ቢሰፍሩ ስሙ እንጂ ግብሩ አልተለወጠም።

ከሥር ያለው ሽቦ

እስካሁን የተናገርነው ስለ ላይኛው ንብርብር ነው። ከሥሩ ሽቦ፣ የሬዲዮ ማማና መስመሩን የሚያስተዳድር ድርጅት አለ። የላይኛው ያልተማከለ ሆኖ የታችኛው የተማከለ ሊሆን ይችላል። በኢትዮጵያ ለረጅም ዘመን የነበረው ይኸው ነው። የቴሌኮም አገልግሎት በአንድ የመንግሥት ድርጅት እጅ ብቻ ነበር፤ ሁለተኛ ኦፕሬተር ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው።

በቅርብ ዓመታት የታዩት መቋረጦች ሁለት ዓይነት ናቸው። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ በአገሪቱ ተዘግተው ነበር፤ ኢንተርኔቱ ግን ይሠራ ነበር። የዚህ ዓይነቱ መዘጋት የላይኛውን ንብርብር የሚነካ በመሆኑ አገልጋዮቹ ብዙ የሆኑ መረብ ለመዝጋት ያስቸግራል፤ አንዱ ቢዘጋ ሌላው አለና። ሁለተኛው ዓይነት መስመሩን ራሱን ማቋረጥ ነው። ከሰኔ መጨረሻ 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመላው አገሪቱ ለሦስት ሳምንታት ገደማ፣ በአማራ ክልል ደግሞ ከሐምሌ መጨረሻ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጧል። በዚህ ጊዜ በጀርመን ያለ የማስቶዶን አገልጋይም ሆነ በአሜሪካ ያለ የውይይት መድረክ ለአርብ ገበያ ተማሪ እኩል ነው፤ ሁለቱም የሉም።

ለዚህ መፍትሔው ምንድን ነው? መልሱን ከአገራችን ታሪክ እናገኘዋለን። ኢንተርኔት በኢትዮጵያ አገልግሎት መስጠት የጀመረው በ1989 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ግን በአዲስ አበባ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስ የተባለው የመረጃ ተቋም ፊዶኔት በተሰኘ ዘዴ የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ ያመላልስ ነበር። ፊዶኔት እ.ኤ.አ. በ1984 በቶም ጄኒንግስ የተፈጠረ ነው። ኮምፒዩተሩ መልእክቶቹን ቀን ሙሉ ያጠራቅማል፤ በተወሰነ ሰዓት በተራ የስልክ መስመር ይደውላል፤ የራሱን ሰጥቶ የሌላውን ተቀብሎ ስልኩን ይዘጋል። የማያቋርጥ መስመር አያስፈልገውም። ከገበያ ወደ ገበያ የሚመላለሰው ነጋዴ የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ አጠራቅሞ ማስተላለፍ።

ትምህርቱ ግልጽ ነው። መስመር በሚቋረጥበት አገር ዋናው ጥያቄ አገልጋዩ ስንት ነው? ሳይሆን አገልጋዩ የት ተቀምጧል? የሚለው ነው። መልእክቱ በቅርብ ከተቀመጠ መስመሩ ቢቋረጥም የአካባቢው ሰው ይጠቀምበታል፤ መስመሩ ሲመለስ ደግሞ ከሌላው ጋር ይለዋወጣል።

በአንድ ትምህርት ቤት ምን ያህል ይበቃል?

ይህ ሐሳብ ምን ያህል የሚቻል ነው? ጥቂት ስሌት እንሥራ።

በዩኒኮድ የተለመደው የአጻጻፍ ዘዴ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። በማስቶዶን የአንድ መልእክት የተለመደ ጣሪያ 500 ፊደል ነው፤ ስለዚህ ሙሉ የአማርኛ መልእክት 1,500 ባይት ነው። በአንድ ትምህርት ቤት 1,000 ተማሪዎች በቀን አሥር አሥር መልእክት ቢጽፉ 15 ሚሊዮን ባይት ይሆናል። ይህ መጠን የሚያስፈራ ሊመስል ይችላል። ሆኖም በስልክ ውስጥ የምትገባው ባለ 32 ጊጋባይት ካርድ በዚህ ሒሳብ ከ2,100 ቀናት በላይ፣ ማለትም ስድስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ የሚጻፈውን ሁሉ ትይዛለች። ምስልና ቪዲዮ ሲጨመር ሒሳቡ ይለወጣል፤ የጽሑፍ ውይይት ግን ከሁሉ የረከሰ ነው።

ኃይሉስ? እንደ ራስበሪ ፓይ ያለች የመዳፍ ስፋት ያላት ኮምፒዩተር በአማካይ 5 ዋት ያህል ትወስዳለች እንበል። በ24 ሰዓት 120 ዋት-ሰዓት ማለት ነው። የሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ በቀን በአማካይ ከ5 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ጋር የሚተካከል ብርሃን ያገኛል ብንል፣ 120 ለ5 ሲካፈል 24 ዋት ይመጣል። በባትሪና በሽቦ የሚባክነውን እንዲሁም የክረምቱን ደመና ለመሸፈን ሁለት እጥፍ ብናደርገው 50 ዋት የሚሆን አንድ የፀሐይ ሰሌዳ ይበቃል። ኮምፒዩተሯ በገመድ አልባ ማሠራጫ አማካይነት ለግቢው ተማሪዎች ስልክ የውይይቱን ገጽ ታቀርባለች። ለዚህ ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ የአየር ሰዓትም አይቆጥርም።

ይህን አሠራር ከትምህርት በሳተላይት ቴሌቪዥን ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። በ1990ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ላይ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተተከለው ፕላዝማ ከአንድ ማዕከል ለሁሉም እኩል ይናገር ነበር። ፍጹም የኮከብ ቅርጽ ነው፤ መስመሩም አንድ አቅጣጫ ብቻ ነበረው። ተማሪው ይሰማል እንጂ አይጠይቅም። በግቢ ውስጥ ያለች ትንሽ አገልጋይ ግን ከሁሉ አስቀድማ የምትይዘው የተማሪውን ጥያቄ ነው።

የባለቤትነት ዕዳ

አገልጋይ ማቋቋም ነጻነት ብቻ ሳይሆን ኃላፊነትም ነው። ማን ይጠግነዋል? ቅጂውን ማን በሌላ ቦታ ያስቀምጣል? ስድብ ሲጻፍ ማን ያነሣዋል? የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የማኅበራዊ ሚዲያ አገልግሎት ሰጪዎች ጥቆማ ሲደርሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሡ ይደነግጋል። እንዲሁም በማስቶዶን በግል ተብሎ የሚላክ መልእክት ከጫፍ እስከ ጫፍ በምሥጢር የተቆለፈ ስላልሆነ የአገልጋዩ አስተዳዳሪ ሊያነበው ይችላል። ተጠቃሚው ወደ ሌላ አገልጋይ ሲዛወር ተከታዮቹን ይዞ መሄድ ይችላል፤ የቀድሞ ጽሑፎቹ ግን በነበሩበት ይቀራሉ። አገልጋዩ ሳይታሰብ ቢዘጋ ጽሑፎቹም አብረው ይጠፋሉ። ብዙ አለቃ ያለበት መረብ አለቃ የሌለበት መረብ ማለት አይደለም።

እንግዲህ የቱ ይመረጥ?

ከላይ የተባለውን በማጠቃለል የሚከተለውን መናገር እንችላለን።

ዓላማው እውቀትን ማጠራቀም ከሆነ፣ ማለትም ጥያቄና መልስ፣ የተፈቱ የፈተና ጥያቄዎች፣ የቤተ ሙከራ ዘገባዎች ለቀጣዩ ትውልድ እንዲቆዩ ከተፈለገ፣ በርዕስ የተከፋፈለ የውይይት መድረክ ይመረጣል። አንድ ትምህርት ቤት አንድ መድረክ ይበቃዋል፤ ኮምፒዩተሩ ግን በግቢው ውስጥ መሆን አለበት። ቅጂውም በየሳምንቱ በፍላሽ ዲስክ ወደ ሌላ ቤት ይውጣ።

ዓላማው ለብዙ ሰው ፈጥኖ ማሳወቅ ከሆነ፣ ለምሳሌ የፈተና ቀን መለወጡን፣ የሳይንስ ክበብ ጉባኤን፣ በሌላ ዩኒቨርሲቲ የሚገኝ ተመራማሪ ያወጣውን አዲስ ሥራ፣ የአጫጭር መልእክት መረብ ይመረጣል። ከእነርሱም መካከል ያልተማከለው የሚሻለው አንዱ በር ሲዘጋ ሌላው ስለሚቀር ነው። ይህ ጥቅም የሚገኘው ግን ተጠቃሚዎቹ በልዩ ልዩ አገልጋዮች ላይ ሲሰፍሩ ነው።

ሁለቱንም ማያያዝ ከተቻለ የተሻለ ነው። በአርብ ገበያ፣ በነፋስ መውጫ፣ በወገዳና በመካነ ኢየሱስ ያሉ ትምህርት ቤቶች እያንዳንዳቸው የራሳቸውን መድረክ ቢያቋቁሙ፣ መስመር ባለ ጊዜ በኢንተርኔት፣ መስመር በሌለ ጊዜ ደግሞ ለስብሰባ ወይም ለገበያ በሚሄድ ሰው ኪስ ውስጥ ባለ ፍላሽ ዲስክ የተጠራቀመውን ሊለዋወጡ ይችላሉ። አራት ትምህርት ቤቶች ሁሉም ከሁሉም ጋር ቢለዋወጡ የሚያስፈልገው ስድስት መንገድ ብቻ ነው፤ ከስድስቱ ሁለቱ ቢቋረጡ እንኳ አራቱም እንደተያያዙ ይቆያሉ። ይህንንም በወረቀት ላይ አራት ነጥብ አስቀምጦና መስመሮቹን ሁለት ሁለት እየሰረዘ ማረጋገጥ ለአንባቢያን የተተወ ቀላል ሥራ ነው።